«የሚነበብ እንዳይሆን ብቻ»

ሰሞኑን ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ዝናቡ ይሆናል፣ መብራቱ ይሆናል፣ ወይም የነሐሴ ነገር ይሆናል። እንዲህ ሲያደርገኝ ፊልም አያለሁ። አዲስ አይደለም፤ ያየሁትን መልሼ ነው የማየው። ታውቁኛላችሁ።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ክፍሌ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ጥሩ ፊልም ንገረኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። እቤታችን ውስጥ የኔን ምክር የሚፈልግ ሰው ብዙ የለም። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ጨመረበት፦ «የሚነበብ እንዳይሆን ብቻ።»

ከሥሩ ጽሑፍ የሚሮጥበትን ማለቱ ነው። ሰዎቹ እንግሊዝኛ ካላወሩ አያይም። እንግሊዝኛ የእናቱ ቋንቋ ይመስል! ለእኛ ለእኛማ ሆሊውድም የባዕድ አገር ፊልም ነው። ግን ይሄን ማን ይሰማል።

«የኮሪያውን ፓራሳይትን አላየህም እንዴ?» አልኩት። አይቷል። ጓደኞቹ ሁሉ ስላወሩለት አይቷል። «ታዲያ እሱን አላነበብክም?» ስለው «እሱ ሌላ ነው» ብሎኝ ወጣ። ሌላ ያደረገው ምን እንደሆነ አልነገረኝም። የፊልሙ ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ እኮ በ2020 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሽልማት ሲቀበል ስለዚሁ ጉዳይ ነበር የተናገረው። ከሥር ያለችውን የአንድ ኢንች ግንብ ከተሻገራችሁ ብዙ ድንቅ ፊልም ይጠብቃችኋል አላቸው። በወሩ ደግሞ ኦስካርን ወሰደ። ከእንግሊዝኛ ውጭ የተሠራ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ሲባል የመጀመሪያው ነበር።

ልጁ ከሄደ በኋላ እኔ በሐሳቤ ዝርዝር ማውጣቴን ቀጠልኩ። ማን ጠየቀህ አትበሉኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ የኢራኑ አባስ ኪያሮስታሚ ነው። በ1987 የወጣው፣ «የወዳጅ ቤት የት ነው?» የሚለው። አንድ ትንሽ ልጅ የጓደኛውን ደብተር ሳያውቅ ከራሱ ጋር ይዞ ቤት ይገባል። ጓደኛው ነገ የቤት ሥራውን ደብተሩ ላይ ሠርቶ ካልመጣ ከትምህርት ቤት ይባረራል፤ መምህሩ አስጠንቅቆታል። በቃ፣ ፊልሙ ይኸው ነው። ልጁ ደብተሩን ሊመልስ ወደ ጎረቤት መንደር ይሮጣል። ቤቱን አያውቀውም። ትልልቆቹ ሰዎች አይሰሙትም። እናቱ «የቤት ሥራህን ሥራ» ትለዋለች፣ እሱ ያስረዳል፣ እሷ «የቤት ሥራህን ሥራ» ትለዋለች። አያትየው ደግሞ ሲጋራ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ልጁን ሲጋራ አምጣ ብሎ ይልከዋል። ለምን? መታዘዝ እንዲለምድ ነዋ! አባቴ፣ ይላል ሽማግሌው፣ ሳንቲም መስጠቱን አንዳንዴ ይረሳ ነበር፤ መግረፉን ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ፊልሙን አቆመዋለሁ። እኚህን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን አልጽፍም እንጂ ሰፈራችን ነው የሚኖሩት።

ከዚያ የጣልያኑ አለ፣ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ፣ «የብስክሌት ሌቦች»፣ 1948። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ሥራ ያጣ አባወራ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል። ሚስቱ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ መያዣ የገባውን ብስክሌት ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። አባትና ልጅ ከተማዋን ያስሷታል። አባቱን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ተዋናይ አልነበረም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አረማመዱ ላይ ያስታውቃል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ብቻ ከልጃችሁ ጋር አትዩት። ወይም ከልጃችሁ ጋር እዩት። አላውቅም።

የማጂድ ማጂዲ የጫማው ፊልምም አለ፣ «የሰማይ ልጆች»። ወንድም የእህቱን ጫማ ይጥላል፣ ለአባታቸው ላለመናገር አንድ ጫማ በፈረቃ እያደረጉ ይማራሉ። ይሄ ለማንም ይሆናል። «የቶኪዮ ታሪክ» ግን ለልጁ አይሆንም። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኦዙ በ1953 የሠራው ነው፤ ሽማግሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። ካሜራው ቁጭ ባለበት አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ልጁ አሥር ደቂቃ አይቆይበትም። ወላጅ ያለው ሰው ግን ይየው። ወላጅ የሌለው ሰው ደግሞ ቢቀርበት ይሻለዋል።

ሳስበው የምወዳቸው ፊልሞች ሁሉ የሚሽከረከሩት በአንድ ተራ ዕቃ ዙሪያ ነው። ደብተር። ብስክሌት። ጫማ። ከተማ አይፈነዳም፣ ዓለምን የሚያድን ሰው የለም። አንድ ነገር ይጠፋል፣ አንድ ሰው ይፈልገዋል፣ ሲፈልግ የሰውን ሁሉ ጠባይ እናያለን። የሀብታም አገር ሰው ይሄን ሲያይ ጥበብ ይለዋል። እኛ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ የደረሰብን ነገር ነው።

እና እንዲህ እያልኩ «ማንዳቢ» ላይ ደረስኩ። ደርሼም ቀረሁ።

«ማንዳቢ» (ሐዋላው ማለት ነው) የሴኔጋል ፊልም ነው፣ የኡስማን ሴምቤን፣ 1968። የጠፋ ዕቃ የለበትም። እንዲያውም የተገኘ ነገር ነው ያለው፤ የሐዋላ ወረቀት። ኢብራሂማ ዲየንግ የሚባል፣ ሥራ የሌለው፣ ሁለት ሚስትና ብዙ ልጆች ያሉት፣ በልብሱ ግን የሚኮራ የዳካር ሰው አለ። የእህቱ ልጅ ከፓሪስ 25,000 ፍራንክ ይልክለታል። ሐዋላውን ለመቀበል መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ ለማውጣት የልደት ወረቀት ያስፈልጋል። የልደት ወረቀት ለማውጣት የተወለደበትን ቀን ማወቅ አለበት። አያውቅም። ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፣ ፎቶ አንሺው ብሩን ይበላል። መሥሪያ ቤት ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል።

ፊልሙን ከእናቴ ጋር አይቼዋለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም። የቱርክን ድራማ ግን፣ ቃና በ2016 ከመጣ ጀምሮ፣ በአማርኛ ጥንቅቅ አድርጋ ነው የምትከታተለው። ማን ማንን እንደከዳ ከኔ በላይ ታውቃለች። «እነዚህስ አማርኛ አይናገሩም?» አለችኝ። አይናገሩም። ሰዎቹ ወሎፍ ያወራሉ፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ ይሮጣል፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በአማርኛ እለፈልፋለሁ።

የሚገርመው ሴምቤን ፊልም መሥራት የጀመረው ለሷ ዓይነት ሰው ነው። ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም ሲያወርድ የነበረ ሰው ነው። መጽሐፍ ጻፈ፣ በፈረንሳይኛ። ከዚያ የጻፈላቸው ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ አሰበ። አርባ ዓመቱ ግድም ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። «ማንዳቢ»ንም ከራሱ መጽሐፍ ነው ያወጣው፣ የዳካር ሰው በሚያወራው ቋንቋ። ይሄ ሁሉ ድካም ማንበብ ለማይችል ሰው ሲባል! እናቴ ጋ ሲደርስ ግን መልሶ የሚነበብ ሆነ።

እሷ ግን ብዙም አላስፈለጋትም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያይ ሲመልሰው፣ ገና ሳልተረጉምላት «ነገ ና አለው አይደል?» አለችኝ። የልደቱ ቀን ላይ ደግሞ ሳቀች። እሷም የተወለደችው «ሚካኤል ሰሞን» ነው፤ ዓመቱ ላይ ከአክስቴ ጋር እስካሁን አልተስማሙም። ፋይዳ ልናወጣ የሄድን ቀን የፈጠርንላት ቀን አለ። አሁን ሕጋዊ ሆኗል። አንዳንዴ «ልደቴ መቼ ነው ያላችሁት?» ብላ ትጠይቀናለች።

የጎረቤቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሚስቶቹ የሐዋላው ወረቀት እንደመጣ ሱቅ ሄደው ሩዝ በዱቤ ያመጣሉ። ገንዘቡ ገና ፖስታ ቤት ነው፤ ግማሹ ተበልቷል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ችግሩን የሚያዋይ ይመጣል፣ ብድር የሚጠይቅ ይመጣል። እናቴ እዚህ ላይ ዝም አለች። ዝም ስትል አውቃታለሁ። እኛም ቤት ወሩ መጀመሪያ ላይ የሚበዙ እንግዶች አሉ።

የዱባይዋን እህቴን ታውቋታላችሁ። የልጁ እናት። የምትልከው ብር ሲመጣ አብራ በድምፅ ታከፋፍለዋለች። ይሄን ያህሉ ለእማዬ፣ ይሄን ያህሉ ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ይቺ ላንተ ለካርድ፣ የቀረውን አስቀምጥልኝ። ፊልሙ ውስጥ ያለውም ደብዳቤ ልክ እንደዚሁ ነው። ሁለት ሺው ላንተ፣ ሦስት ሺው ለእናቴ፣ ሃያ ሺውን አስቀምጥልኝ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ ነበር። (የሷ ብር ባንክ ነው፣ በደብተርም ተጽፏል። ተረጋጉ።)

ደብዳቤው ሲነበብ ፊልሙ ለጥቂት ደቂቃ ፓሪስ ይሄዳል። ብሩን የላከውን ልጅ እናየዋለን። መንገድ ይጠርጋል። ሥራ ፍለጋ እንጂ ለዱርዬነት አልመጣሁም ብሎ ይጽፋል፣ መጥረጊያውን ይገፋል። ከዚያ ዳካር ተመልሰን ስለ ሩዝ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ማህተም እንጨነቃለን። እሱ ተመልሶ አይመጣም። ሁሉም ስለ ገንዘቡ ያወራል፤ ስለ ጠራጊው የሚጠይቅ የለም።

እኛ እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች እንኳ አላየንም። የእህቴን የሥራ ልብስ አይቼው አላውቅም። የምትልከው ፎቶ የቤተክርስቲያን ነው፤ ነጠላ ለብሳ፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ ስትስቅ። ድምፅ የምትልከው ማታ ነው። ደህና ነኝ ትላለች፣ ከዚያ ስለኛ ትጠይቃለች። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ አላውቅም። ከሥራ ስትመለስ ፊልም ታይ እንደሆነም አላውቅም። ልጅ ሆነን እኮ ሁለታችንም ነበርን የህንድ ፊልም እብዶች። ዘፈኑ ሲመጣ እሷ ከወንበሯ ትነሳ ነበር። አንድም ቃል አይገባንም፣ ተነቦም አልተተረጎመም፣ ግን ለቅሶው ቦታው ላይ እናለቅሳለን። ለኔ ፊልም ያስለመደችኝ እሷ ናት። ልጇ ምን እንደሚያይ እጠይቀዋለሁ፤ እሷን ጠይቄያት አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት «ማንዳቢ»ን ልላክላት አልኩ። ፋይሉን ያዝኩ። ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር ልጻፍላት ብዬ፣ ስለ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ፦ «ታሪኩ ውጭ ያለ ዘመድ ብር ይልካል፣ እዚህ ያሉት ገና ሳይደርሳቸው ይበሉታል…»

አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፦ «ስለ ሐዋላ የሚያወራ ቆንጆ ፊልም ነው።» ይሄኛው ባሰ።

እሺ፣ ያለምንም ጽሑፍ ብልክላትስ? ወሩ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፊልም ልኮላት የማያውቅ ወንድሟ፣ ርዕሱ ሐዋላ የሆነ ፊልም ሲልክላት ምን ትላለች? ታየዋለች? ወይስ ሳትከፍተው «ስንት ጎደላችሁ?» ብላ ነው የምትመልስልኝ?