ብርድ አስፋልትን የሚሰነጥቀው እንዴት ነው?

ከባድ ብርድ ባለበት አገር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚሄድ፣ በየተወሰነ ርቀት የሚደጋገም ስንጥቅ ካያችሁ በጭነት መኪና አታሳብቡ። የጭነት ስንጥቅ ጎማ በሚሄድበት መስመር ላይ እንደ መረብ ተጠላልፎ ይወጣል። አቋራጩ ግን አንድም መኪና ባያልፍበት ይፈጠራል።

ጣጣው ያለው ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዘው ሬንጅ ላይ ነው። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይደድራል፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። የአስፋልት ድብልቅ ቅዝቃዜው በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ገደማ ማጠር ይፈልጋል። ከሥሩ ያለው ንብርብር ስለያዘው ግን ማጠር አይችልም፤ ስለዚህ በውስጡ ውጥረት ይከማቻል። ለስላሳ ሬንጅ ውጥረቱን ቀስ እያለ ያረግበዋል። የደደረው አቅም ስለሌለው ከላይኛው ፊት ይቀደዳል። በአንድ ሌሊት ድንገት የሚወርድ ብርድ የከፋ የሚሆነው ለማርገብ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። በፀሐይና በአየር ያረጀ፣ ወይም ሲቀላቀል ከልክ በላይ የሞቀ ሬንጅ ደግሞ ቀድሞ ይሸነፋል።

መፍትሔው በአብዛኛው ሬንጁ ሲመረጥ ያልቃል። ፒጂ 58-28 የተባለ ሬንጅ የመንገዱ ሙቀት እስከ 58፣ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች እስከ 28 ዲግሪ ቢደርስ እንዲችል የተመደበ ነው። ደረጃዎቹ በ6 ዲግሪ ይራራቃሉ። በላቦራቶሪ የሬንጅ ዘንግ ከዝቅተኛው ደረጃ 10 ዲግሪ ሞቅ ባለ ቅዝቃዜ ላይ ክብደት ይጫንበታል፤ በ60ኛው ሰከንድ ግትርነቱ ከ300 ሜጋፓስካል መብለጥ፣ ውጥረት የማርገብ ፍጥነቱን የሚያሳየው ኤም ቁጥርም ከ0.300 ማነስ የለበትም። ብዙ ሰው የሚያየው ግትርነቱን ብቻ ነው። ከአሮጌ መንገድ ተፍቆ የመጣ አስፋልት በብዛት ሲቀላቀልበት ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ኤም ቁጥሩ ነው።

ውሃ ሌላው ጠላት ነው፤ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በተጠቀጠቀው አስፋልት ውስጥ የቀረው የአየር ክፍተት ከ8 በመቶ ካለፈ ቀዳዳዎቹ እየተገናኙ ውሃ ያስገባሉ፤ ጠጠሩም ከሬንጁ እየተላቀቀ ጉድጓድ ይሆናል። በብርድ ቀን ስስ ንብርብር ማንጠፍን የማልመክረውም ለዚህ ነው፤ ስስ ንብርብር ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አስፋልቱ ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሮለር ቢመላለስበት እምብዛም ስለማይጠቀጠቅ ክፍተቱ ይበዛል።

የተሰነጠቀውን ለመድፈን የሚሻለው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ወይም ከወጣ በኋላ ነው። በከባዱ ብርድ ወቅት ስንጥቁ በጣም ስለሚከፈት ያኔ የተሞላው ማሸጊያ በሙቀት ጊዜ ተጨምቆ ይወጣል፤ በሙቀት ጊዜ የተሞላውም በብርድ ተስቦ ይለቃል። አፉን በማሽን አስፍቶ፣ በአየር ግፊት አጽድቶና አድርቆ በትኩስ የጎማ ማሸጊያ መሙላት ነው፤ እርጥብ ወይም አቧራማ ግድግዳ ላይ ማሸጊያው አይዝም።