ሥራ መፍታት ያሳብደኛል ያለችው ሴት፦ የአኜስ ኡምቤር የትግልና የእስር ማስታወሻ

ጀርመኖች ፓሪስን በሰኔ 1940 ሲቆጣጠሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አኜስ ኡምቤር የአርባ አምስት ዓመት ሴት፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁርና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። ትሠራበት የነበረው የሕዝባዊ ጥበብና ልማድ ሙዚየም በሻዮ ቤተ መንግሥት ሕንጻ ውስጥ፣ «የሰው ሙዚየም» ከሚባለው ሌላ ተቋም ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኝ ነበር። ይህ ጉርብትና ሕይወቷን ለውጦታል። በ1946 «ጦርነታችን» በሚል ርእስ ያሳተመችው ማስታወሻ ለብዙ ዓመታት ከገበያ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2004 እንደገና ታትሟል፤ እኔም ስለ ወረራ ዘመን ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

መጽሐፉ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የተጻፈ ነው። እስክትያዝ ድረስ ያለው ክፍል ቀን በቀን የተመዘገበ የዕለት ማስታወሻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን፣ በእስር ቤት ማስታወሻ መያዝ ስላልቻለች፣ ነጻ ከወጣች በኋላ ከትዝታዋ አውጥታ ጽፋዋለች። የመጀመሪያው ክፍል ትልቁ ዋጋው ጸሐፊዋ ነገ የሚሆነውን አለማወቋ ነው። ዛሬ እኛ ጦርነቱ በማን ድል እንደተጠናቀቀ እያወቅን ነው የምናነበው፤ እሷ ግን በዚያ ሰሞን ፈረንሳይ እጅ ሰጥታ፣ አብዛኛው ሰው «በቃ፣ አለቀ» ብሎ አንገቱን በደፋበት ሰዓት ነበር የምትጽፈው።

ነሐሴ ላይ ወደ ፓሪስ ተመልሳ ወዳጇን ደራሲ ዣን ካሱን ስታገኘው የምትነግረው ነገር ከጀግንነት ንግግር ጋር ምንም አይመሳሰልም። አንድ ነገር ካላደረግኩ አብዳለሁ ነው የምትለው። መፍትሔ ብለው ያሰቡትም ለዚሁ የሚመጥን ነበር፤ አሥር ያህል የሚተማመኑ ወዳጆች በተወሰነ ቀን እየተገናኙ ወሬ እንዲለዋወጡ፣ በራሪ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁና እርስ በርሳቸው እንዲበረታቱ። ሽፋናቸው ደግሞ በአንድ የሞተ ደራሲ ስም የተሰየመ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ማኅበር ነበር። ጀርመንን እናሸንፋለን የሚል እቅድ አልነበራቸውም። ትግሉ የተጀመረው አእምሮን ከውርደት ከማዳን ነው፤ ይህን በዚህ ግልጽነት የሚናገር ሌላ የዚያ ዘመን ምስክር አላነበብኩም።

ይህ ትንሽ ቡድን ብዙም ሳይቆይ በሰው ሙዚየም ውስጥ ከተቋቋመው መረብ ጋር ተገናኘ። የመረቡ መሪ ቦሪስ ቪልዴና ባልደረባው አናቶል ሌቪትስኪ በትውልድ ሩሲያውያን የሆኑ የሙዚየሙ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ኢቮን ኦዶን ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበረች። በእኛ አነጋገር ሁሉም የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ሙዚየሙ ውስጥ የነበረው የማባዣ መኪና ለሥራው ዋለና «ሬዚስታንስ» የተባለው ሕቡዕ ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም ታኅሣሥ 15 ቀን 1940 ወጣ። ካሱና ባልደረቦቹ ጽሑፉን ሲያዘጋጁ፣ ኡምቤር ታይፕ ራይተሩ ፊት ተቀምጣ ትተይባለች። አንዳንዶች ይህን የጸሐፊነት ሥራ አድርገው ያልፉታል። ማስታወሻውን ያነበበ ግን እንዲህ ሊያልፈው አይችልም፤ ምክንያቱም ቦርሳ ውስጥ ይዛ በከተማው የምትዞረው ወረቀት በወራሪው ሕግ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የምታውቅ፣ አውቃም ደስ የሚላት ሴት እናገኛለን። የጻፈችው በፍርሃት አይደለም፤ እንዲያውም እነዚያ ወራት ከሕይወቷ ሁሉ የደመቁት ይመስላሉ።

መረቡን የበላው ከውስጥ የገባ ሰላይ ነው። አልቤር ጋቮ የተባለው ሰው የቪልዴን አመኔታ አግኝቶ ለጀርመኖች ይሠራ ነበር። ቪልዴ መጋቢት ላይ ተያዘ፣ ኡምቤር ደግሞ ሚያዝያ 15 ቀን 1941። ከዚያ በኋላ በሸርሽ ሚዲ፣ በላ ሳንቴና በፍሬን ወህኒ ቤቶች ተዘዋወረች። በሸርሽ ሚዲ እስረኞች ወለል ላይ ተኝተው በበር ሥር ባለው ክፍተት ይነጋገሩ እንደነበር ትተርካለች፤ ፊታቸውን አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች በድምፃቸው ብቻ ዘመዶቿ ሆኑ። ችሎቱ በጥር 1942 ተጀምሮ በየካቲት ፍርድ ተሰጠ። የካቲት 23 ቀን ቪልዴንና ሌቪትስኪን ጨምሮ ሰባት ወንዶች ፓሪስ አጠገብ ባለው በሞን ቫሌሪያን ምሽግ ተረሸኑ፤ ኦዶንን ጨምሮ ሞት የተፈረደባቸው ሴቶች ግን ቅጣታቸው ወደ ግዞት ተቀየረ። የኡምቤር ፍርድ አምስት ዓመት እስራት ነበር፤ ወደ ጀርመንም ተጋዘች።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ እጅግ የሚከብደው። የተወሰደችው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ሳይሆን በክሬፌልድ አቅራቢያ ወደሚገኘው የአንራት ወህኒ ቤት ነው። በዚያም ከተራ ወንጀለኞች ጋር ተቀላቅላ፣ ፍሪክስ ለተባለው ኩባንያ ሬዮን ማለትም ሰው ሠራሽ ሐር እንድትፈትል ተደረገ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከእንጨት የሚገኘው ሴሉሎስ በኬሚካል ሟሙቶ ወፍራም ፈሳሽ ይሆንና በደቃቅ ቀዳዳዎች እየተገፋ አሲድ ወዳለበት ገንዳ ሲገባ ወደ ክርነት ይለወጣል። ክሩ ሲበጠስ ፈታይዋ እጇን ሰድዳ መያዝና መቀጠል አለባት። አሲዱ የጣቶችን ቆዳ ይልጣል፤ ከፈሳሹ የሚወጣው ጋዝ ዓይንን ያቃጥላል። ሴቶቹ ለቀናት ዓይናቸው ይታወርና በሥቃይ ያለቅሱ ነበር፤ ኡምቤርም ይህ ደርሶባታል። ዕድሜዋን በሙሉ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በማየት የኖረች ሰው ዓይኗን ስታጣ የሚሰማትን በጥቂት ቃላት ነው የምትናገረው፤ ለራሷ ሐዘኔታ አትለምንም።

ሥራ መፍታት ያሳብደኛል ብላ ትግሉን የጀመረችው ሴት፣ አሁን ከጠዋት እስከ ማታ በገዛ እጇ ለጠላት ምርት ታመርታለች። ለእኔ ከረሃቡም ከቃጠሎውም የሚብሰው ይህ ነው። የተረፋት መሣሪያ ማስተዋል ብቻ ነበር፤ ጠባቂዎቹን፣ አብረዋት የታሰሩትን ጀርመናውያት ሌቦችና ሴተኛ አዳሪዎች፣ የራሷንም ሰውነት መድከም እንደ ተመራማሪ ታጤናለች። ከመካከላቸው ደግ የሆነውን ደግ፣ ጨካኝ የሆነውንም ጨካኝ ትላለች፤ ጥላቻዋን በጅምላ አታፈስም።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ክፍል የሚገኙት ንግግሮች ከዓመታት በኋላ ከትዝታ የተጻፉ ስለሆኑ ቃል በቃል እንደተባሉ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ይሁንና በ1946 መታተሙ ብዙ ይካሳል፤ የትግሉ ታሪክ በሐውልትና በመፈክር ሳይደነድን ቁስሉ ገና ሳይሽር የተጻፈ ነው።

በሚያዝያ 1945 የአሜሪካ ጦር ሲደርስ ኡምቤር እዚያው ጀርመን ውስጥ በቫንፍሪድ ከተማ ነበረች። ወዲያው ወደ ፓሪስ አልሮጠችም። ከግዳጅ ሥራ ነጻ ለወጡት የውጭ ዜጎችና ለተፈናቀሉት ጀርመናውያን ምግብና ሕክምና ማደራጀት ጀመረች፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ በከተማው የተደበቁ ናዚዎችን ለይተው እንዲይዙ አሜሪካኖቹን ትረዳ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ትጋት ትሠራቸዋለች፤ የተራበውን ስታበላ ወንጀለኛውን ይቅር ማለቷ አልነበረም፤ ወንጀለኛውን ስታስይዝም የጎረቤቱን ልጅ ለረሃብ አልተወችም። በኋላ ወደ ሙዚየም ሥራዋ ተመልሳ፣ ዣን ካሱ በሚመራው በፓሪሱ ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አገልግላለች፤ በ1963 እስክታርፍም ድረስ ስለ ሥነ ጥበብ መጻፏን አላቋረጠችም።