ነጥብ የማትጽፈው ቁልፍ

በወርክሾፓችን ፕሮግራም የሚጻፍበት ኮምፒውተር የተቀመጠው ከሲኤንሲ ቶርኖው፣ ማለትም በተጻፈለት ፕሮግራም ብረት ከሚቀርጸው ማሽን አጠገብ ነው። ኪቦርዱ ከመርካቶ የመጣ ተራ የቢሮ ኪቦርድ ነበር። ሲበላሽ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አንድ ቀን ለወፍጮ ቤት ዘንግ ልናወጣ ፕሮግራሙ ተጽፎ ወደ ማሽኑ ተላከ። የቶርኖ ክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ጋሼ፣ እንደ ልማዳቸው ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው በሲንግል ብሎክ መስመር በመስመር ያስኬዱት ጀመር። ዘንጉ ፊት ደርሶ 45 ዲያሜትር ላይ መቆም የነበረበት መቁረጫ አልቆመም፤ ቁልቁል ወደ ዘንጉ መሃል ሄደ። ጋሼ ማሽኑን አቆሙት። ቀጣዩ መስመር ቢሄድ ኖሮ መቁረጫው በቀጥታ ብረቱ ላይ ይጋጭ ነበር። ብረቱን ይዞ የሚያሽከረክረው ስፒንድል ከተጎዳ ደግሞ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው።

«ነጥቧ የታለች?» አሉ ስክሪኑን እያዩ።

«ጋሼ፣ እኔ ተጭኛታለሁ» አለ ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ።

እውነቱን ነበር፤ ያልጻፈችው ቁልፏ ናት። የእኛን ጨምሮ በብዙ መቆጣጠሪያዎች ላይ ከቁጥሩ ኋላ ነጥብ ከሌለ ማሽኑ ቁጥሩን የሚያነበው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር ሺኛ ነው። 45 ሚሊሜትር የተባለው 0.045 ሚሊሜትር ሆኖ ነበር።

ኪቦርዱን ፈታነው። የዚህ ዓይነት ኪቦርድ ሆዱ ውስጥ ሦስት ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበዋል። ላይኛውና ታችኛው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር ታትሞባቸዋል፣ መሃለኛው በየቁልፉ ሥር ቀዳዳ አለው። ቁልፍ ሲጫን ሁለቱ መስመሮች በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ። ነጥቧ ሥር ግን ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት) ብናኝ ተቀላቅለው ግራጫ ቅባት ሠርተዋል፤ ዘይቱም በፕላስቲኮቹ መሃል ሰርጎ ገብቷል። የሚገርም አይደለም። ጊዛ ሲቆረጥ እንደ ዱቄት ይበናል። ከሚሽከረከር ማሽን ጎን ደግሞ ጓንት ስለማይደረግ ኪቦርዱን የሚነካው ዘይት የነካው ባዶ እጅ ነው። በዚያ ላይ ማታ ማታ በኮምፕሬሰር አየር «እናጸዳዋለን»፤ አየሩ ብናኙን ወደ ውስጥ ይነዳዋል እንጂ አያወጣውም።

ሌላ ኪቦርድ ለመግዛት ሲታሰብ አንዱ ባልደረባችን እያንዳንዱ ቁልፍ 50 ሚሊዮን ጊዜ ይጫናል የተባለለት ሜካኒካል ኪቦርድ ይገዛ አለ። አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ያ ቁጥር የሚለካው በንጹሕ ቦታ ነው። ተራው ሜካኒካል ቁልፍ አናቱ ክፍት ስለሆነ ብናኝ ይወርድበታል። ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ያለው የቢሮ ኪቦርድም ለፈሰሰ ቡና እንጂ ለብረት አልተሠራም።

መታየት ያለበት ዕቃው አቧራና ውኃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረው የአይፒ (IP) ቁጥር ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ ነው፤ 6 ከሆነ ምንም አቧራ አይገባም፣ 5 ከሆነ ትንሽ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ስለ ውኃ ነው፤ 5 በቧንቧ የሚረጭ ውኃን መቋቋም ነው። ለእኛ አይፒ65 ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከሲሊኮን የተሠራውን ሞክረን ነበር፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ደስ ይላል፣ ግን ቁልፉ ስለሚለሰልስ መጫኑ ለጣት አይታወቅም። ነጥብ ለጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በመጨረሻ የገዛነው የታሸገ፣ ሲጫን የሚሰማ፣ የቁጥር ክፍሉ ያልተቀነሰለት፣ ፊደሉ በሌዘር የተቀረጸ ባለ ሽቦ ኪቦርድ ነው። የቁጥር ክፍል የሌለው ትንሹ ርካሽ ነበር፣ ግን ፕሮግራማችን አብዛኛው ቁጥር ነው። የአማርኛ ፊደል ስቲከር አልለጠፍንበትም፤ ዘይት ያነሳዋል። ቤንዚንና ቲነርም አናስነካውም፤ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል።

ጋሼ አሁንም በሲንግል ብሎክ ነው የሚጀምሩት። የቀረን ማውሱ ነው፤ በመንኮራኩሩ ቀዳዳ ብናኝ እየገባበት ስለሆነ የታሸገ ታችፓድ እያፈላለግን ነው።