በ290 ዋት ልክ የተሰፋ የጌም ኮምፒውተር

የእኔ ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ከቢሮ አገልግሎት ወጥቶ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የአሮጌ ኮምፒውተር ሻጭ የገዛሁት፣ ሣጥኑ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ ዓይነት። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-4590፣ ሚሞሪው 8 ጊጋባይት፣ ግራፊክሱ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ኤችዲ 4600 ነበር። ይህን መሰል ሣጥን በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ስለምታዩት፣ አንዱን ወደ ጌም ኮምፒውተር ለመለወጥ ለምታስቡ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ግቤ ጂቲኤ 5 የተባለውን ጨዋታ በ1920 በ1080 ጥራት፣ አብዛኛውን የምስል ቅንብር ከፍተኛው እርከን ላይ አድርጌ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚቀያየር ምስል) አካባቢ መጫወት ነው። ጨዋታው ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ ዛሬ ከባድ ከሚባሉት ተርታ አይመደብም። ኤችዲ 4600 ግን በ1280 በ720 እና በዝቅተኛው ቅንብር እንኳ ከ30 ፍሬም ብዙም ፈቀቅ አይልም ነበር።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ የሣጥኑን ጎን ከፍቼ ለዕቃዎቹ ሁሉ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ አስቀደምኩ። 290 ዋት ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ቁጥር የተቀዳ ነው። ፕሮሰሰሩ ለብቻው እስከ 84 ዋት የሚደርስ ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ ሚሞሪው፣ ዲስኩና ፋኖቹም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ለካርዱ መስጠት የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ሲሆን ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 እግር ገመድ ይጠይቃል። በዚህ ሣጥን ውስጥ ያ ገመድ የለም። ፓወር ሰፕላዩን አውጥቶ በትልቅ መተካትም እንደሚወራው ቀላል አይደለም፤ የዚህ ሞዴል ማዘርቦርድ ኃይል የሚቀበለው በተለመደው ባለ 24 እግር ማያያዣ ሳይሆን በራሱ ባለ 8 እግር ነው፤ ስለዚህ መቀየሪያ ገመድም መፈለግ ይኖርባችኋል። የቀደመው ሞዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 በዚህ በኩል ይሻላል፤ ባለ ትልቁ ሣጥን ካገኛችሁ ባለ 24 እግር ነው።

አንድ ሻጭ አርኤክስ 580 አውጥቶ አሳየኝ። «ወንድሜ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ በዚህ ዋጋ የትም አታገኝም» አለኝ። ስለ ካርዱ አቅም አልዋሸም። ነገር ግን ካርዱ ብቻውን 185 ዋት ይበላል፤ በዚያ ላይ የፕሮሰሰሩን 84 ብትደምሩ 269 ደረሰ፤ የቀረው ዕቃ ገና አልተቆጠረም። ከዚህም ሌላ ይህ ሞዴል የክሪፕቶ ገንዘብ ለሚያመርቱ ሰዎች ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረበት ዘመን ነበረና፣ ያገለገለ ሲሆን ፋኑ ሲሽከረከር ሳላይና በሥራ ላይ ሙቀቱን ሳልለካ የምገዛው አይደለም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ዕጩ አርኤክስ 6400 ነበር። 53 ዋት ብቻ መውሰዱ እንደ እኔ ላለ ሰው ያጓጓል። ችግሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት የመረጃ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ላይ አራቱ መስመሮች በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋሉ፤ የእኔ ማሽን ግን 3.0 ስለሆነ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። የካርዱ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ሞልቶ ከዋናው ሚሞሪ መበደር ሲጀምር ምስሉ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ ቢሆን ሐሳቤ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ጂቲኤክስ 1650ን መረጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው፣ አስራ ስድስቱንም መስመር የሚጠቀም፣ 75 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው። ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ በዚሁ ስም የሚሸጡ፣ ተጨማሪ ባለ 6 እግር ገመድ የሚጠይቁም አሉ። የካርዱን ጠርዝ አዙራችሁ ማያያዣ የሌለው መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ባለ አንድ ፋኑ አጭር ስለሆነ ከዲስክ ማስቀመጫው ጋር አይጋፋም። ሣጥናችሁ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ካልሆነ በቀር አይገባም። የእኔን ካርድ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ሲመጣ በልብሱ መሀል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ዋጋውን ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለፈውን ወር ዋጋ ይዞ ገበያ መውጣት ራስን ማናደድ ነው።

ካርዱ እስኪመጣ ሌላውን አሰናዳሁ። የአቧራውን ነገር ተዉት። ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው የፕሮሰሰሩ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ዱቄት ሆኖ ስለነበር ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ሚሞሪውን ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋባይት ጨምሬ 16 አደረስኩት፤ ሁለቱ በጥንድ ማስገቢያ ሲቀመጡ በሁለት መስመር ስለሚሠሩ ለውጡ መጠን ከመጨመር ያለፈ ነው። አማካይ ፍሬሙ ብዙም ሳይጨምር በመኪና በፍጥነት ስነዳ ያስቸግረኝ የነበረው መንገጫገጭ ቀነሰ። 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ መድረስ አለበት ማለት ነውና፣ አማካዩ ቢያምርም አንዱ ፍሬም 50 ከወሰደ ዓይን ያውቀዋል። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክም አስገባሁ፤ ፍሬም አይጨምርም፣ መጠበቅ ግን ያስቀራል።

ካርዱ የገባው በሰማያዊው ማስገቢያ ነው፤ ጥቁሩ ረጅም ማስገቢያ ቢመሳሰልም መስመሩ አራት ብቻ ነው። የሞኒተሩን ገመድ በማዘርቦርዱ ሳይሆን በካርዱ ላይ ሰኩ። አሮጌ ሞኒተር ላላችሁ፦ 1650 የቪጂኤ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ምልክቱን የሚቀይር አስማሚ ያስፈልጋችኋል።

ቅንብሩ ላይ የፈጀሁት ጊዜ ከመፍታትና ከመግጠሙ ይበልጣል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሥራ በመቶኛ እያየሁ ተጫወትኩ። ካርዱ 99 በመቶ ላይ ተለጥፎ ፕሮሰሰሩ ትንፋሽ ካለው ማነቆው ካርዱ ነው፤ ጥላና ነጸብራቅ ይቀነሳል። ካርዱ 60 በመቶ ላይ እየተዝናና ፕሮሰሰሩ 100 ከነካ ደግሞ ጥራቱን ብታወርዱም ምንም አታተርፉም፤ የሰውና የመኪና ብዛትን እንዲሁም የርቀት እይታን ነው መቀነስ ያለባችሁ። መሀል ከተማ ሲገባ የእኔን የሚያንቀው ይኸኛው ነው፤ አራት ኮር ብቻ ያለው አይ5 ዕድሜው ይታወቃል።

ጨዋታው ራሱ በቅንብር ገጹ አናት ላይ የካርዱ ሚሞሪ ምን ያህል እንደተያዘ ያሳያል። ቴክስቸሩን (የነገሮችን ገጽ የሚያለብሰውን ምስል) የመጨረሻው እርከን ላይ አደረግሁት፤ በ4 ጊጋባይት ውስጥ ይገባል፣ ፍሬምም አይበላም ማለት ይቻላል። ኤምኤስኤኤ የሚባለውን የጠርዝ ማለስለሻ አጠፋሁና ቀላሉን ኤፍኤክስኤኤ ተውኩ። ሣር! ከሁሉም የበለጠ ካርድ የሚያደክመው ሣር ነው። ከተማ ውስጥ ምንም ሳይታወቅ ይቆይና ወደ ገጠሩ ስትወጡ ፍሬሙን ይዞት ይወርዳል። ሣሩን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ማቆም በቂ ነው፤ በጦሳ ግርጌ ለሚኖር ሰው የስክሪን ሣር ብርቅ አይደለም። ጥላ ከፍተኛ፣ ውሃ ከፍተኛ፣ የላቁ የሚባሉት ቅንብሮች በሙሉ ጠፍተዋል። በዚህ ሁኔታ ከተማ ውስጥ ከ50 በላይ፣ ሌላው ቦታ 60 ላይ ነው የምገኘው። 60 ላይ ገደብ አስቀምጬበታለሁ፤ ሞኒተሬ ከዚያ በላይ አያሳይም፣ ካርዱንም በከንቱ ማሞቅ አልፈልግም። ይህ ጥራት ለማሽናችሁ የሚከብድ ከሆነ 1600 በ900 ሞክሩ፤ ካርዱ በየፍሬሙ የሚስለው ነጥብ 30 በመቶ ያህል ይቀንስለታል።

ስለ መብራት ሁላችሁም ስለምታውቁት አጭር ልሁን፦ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ከካርዱ በፊት ይገዙ። ዩፒኤሱ ጨዋታ ለመቀጠል ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ይህን ፕሮሰሰር ስለማይቀበል የባንክ ሥራዬን ከዚህ ማሽን ላይ አንስቻለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ የሙቀት ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋን የሚያመላልሰው አየር ከሳሳ ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ጉድለቱን የሚያካክስ ይመስለኛል፤ ካርዴ ከረጅም ጨዋታ በኋላም ከ70 ዲግሪ አያልፍም። ኮምቦልቻ ግን ወደ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሆና በጣም ትሞቃለች። ከእናንተ መሀል እዚያ ሆኖ 1650 የሚጠቀም ካለ፣ ከሰዓት በኋላ የተለካ የክፍሉንና የካርዱን ሙቀት ይላክልኝ። በእኔ በኩል በማለዳና ከቀትር በኋላ እየለካሁ እመዘግባለሁ።