ክዳኑ ሥር ያበጠው ጎሚኒ

መካኒክ ነኝ። አንድ የማከብራቸው ደንበኛ አሉኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የድሮ ሃይሉክሳቸውን እቤታቸው ግቢ ውስጥ ራሳቸው ነው የሚጠግኑት። ፔዳሉ ሲረገጥ በዘይት ግፊት ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ማፍሰስ ሲጀምር አዲስ ገዝተው ቀየሩት። ሳምንት ሳይሞላው ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ፎርጅድ ዕቃ ሸጠውልኛል፤ ና እስቲ እየው።»

ሄድኩ። ፔዳሉን ስረግጠው ይወርዳል፤ እግሬን ሳነሳ ግን አብሮኝ አይመጣም፣ እየተጎተተ ነው የሚመለሰው። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትስብም። ያየው ሰው ሁሉ «የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ብሏቸዋል። ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ማውረድ ቀልድ አይደለም፤ ወጪው ብቻውን ያስደነግጣል።

መጀመሪያ የእሳቸውን ሥራ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ሥራ ነው። የቱቦው ብሎን ጠርዙ አልተበላም፣ የትም ቦታ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቼ የፍሪሲዮኑን የዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ከፈትኩ።

መልሱ እዚያ ነበር። ክዳኑ ውስጥ ያለው ስስ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ) አብጦ ተጨማዷል፤ መልሼ ላስገባው ብል እምቢ አለ። ዘይቱም ቀላ ያለ ነገር አለው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጣሁና ጥቂት ጠብታ ጣልኩበት። ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፤ ትክክለኛ የፍሬን ዘይት ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ይሄኛው ግን ከፊሉ ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ቀረ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዘይት የጨመረው ማነው?»

ትንሽ አሰቡና የእህታቸው ልጅ መኪናዋን ክፍለ ሀገር ይዞ እንደሄደ አስታወሱ። መንገድ ላይ ዘይቱ ጎድሎበት ያገኘውን ጨምሮበታል። ያገኘው ደግሞ የመሪ ዘይት ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ የፍሪሲዮን ፖምፓ ጎሚኒዎች የተሠሩት ለፍሬን ዘይት ነው። የመሪ ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ ማንኛውም ከነዳጅ ድፍድፍ የሚወጣ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። የላይኛው ፖምፓ ውስጥ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለች። ጎሚኒው ሲያብጥ እሷን ይደፍናታል። ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ግፊቱ መስመሩ ላይ ይቀራል፣ ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተረገጠ ይቆያል፣ ከዚያ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ከውጭ ለሚያየው ያለቀ ዲስክ ነው የሚመስለው። ጋሼ የታችኛውን ብቻ ሲቀይሩ የተበከለው ዘይት ላይኛውና ቱቦው ውስጥ ስለቀረ፣ አዲሱንም ጎሚኒ አበላሸው።

«የላይኛውን፣ የጎማ ቱቦውን፣ የታችኛውን ጎሚኒም መቀየር አለብን» አልኳቸው። «አዲሱን ጭምር?» ብለው ቅር አላቸው። የታችኛውን ፈትቼ አሳየኋቸው፤ የጎሚኒው ከንፈር ሰፍቶ ፒስተኑ በእጅ ሲገፋ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

አንድ ነገር ሳላይ ግን አልጀመርኩም፤ ፍሬኑን። የእሳቸው መኪና የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ማጠራቀሚያ ለየብቻ ስለሆነ ፍሬኑ ተርፏል። ሁለቱ አንድ ማጠራቀሚያ የሚጋሩባቸው ብዙ መኪኖች አሉ። እዚያ ላይ ቢሆን ይሄ ስህተት የሰው ሕይወት ይበላ ነበር። እባካችሁ ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል፣ የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው። ከታሸገ ዕቃ ጨምሩ፣ ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ተከፍቶ ሲቀመጥ ከአየር እርጥበት ይስባል።

የብረት ቱቦውን በንጹሕ የፍሬን ዘይት ደጋግመን አጠብነው። አዲሶቹ ዕቃዎች ከታሰሩ በኋላ ጋሼ ፔዳሉ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከሥር ገባሁ። «ይርገጡ፣ ይያዙ» እላለሁ፣ የአየር ማስወጫውን እከፍታለሁ፤ ፊሽ እያለ አረፋ ይወጣል፤ እዘጋለሁ፣ ከዚያ «ይልቀቁ»። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየር መልሶ ይገባል። በየመሃሉ ማጠራቀሚያውን እንሞላለን፤ ከጎደለ ከዜሮ መጀመር ነው። ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ አጠብነው፣ ቀለም ይልጣል። በመጨረሻ ፔዳሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ልቅነት መኖሩን አረጋገጥኩ፤ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ የላይኛውን ፖምፓ ፒስተን ሁሌ ገፍቶ ከያዘ ያችው የመመለሻ ቀዳዳ ትዘጋለች።

ዳገቱን ወጣናት። ካምቢዮው አልተነካም፣ ዲስኩም ደህና ነው። ጋሼ ግን መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዕቃ ሻጩ ጋ መደወል ነበር፤ ፎርጅድ ሸጥክልኝ ብለው ተቆጥተውት ስለነበር ይቅርታ ጠየቁት።