ጭቃው እየቦካ

ጥቅምት ገባ፤ ነፋሱ ደርቋል። ጓሮ ያለው የጭቃ ጉድጓድ መሽተት ጀምሯል። ሽታውን ብዙ ሰው አይወደውም፤ እኔን ግን ከጠዋት ጀምሮ ልቤን ሞቅ አድርጎት ዋለ። ለእማ የሚቀጠለው ክፍል ከወሬ ወጥቶ አፈር ሆኗልና።

የጭቃውን መድረስ የሚናገረውም ሽታው ነው። ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ አብረው ተረግጠው ውኃ ጠጥተው ሲያድሩ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየተገለበጡ እንደገና ሲረገጡ፣ ወደ ሳምንት ገደማ ይኮመጥጣሉ። ያን ጊዜ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃውም ከእጅ አልላቀቅ ይላል። ዋልካ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይተረተራል፤ አሸዋ የበዛበት ደግሞ ከግድግዳው ይረግፋል። ለመለየት ድቡልቡል አድርጎ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ከተሰነጠቀ አሸዋማ አፈር ይጨመርለታል፤ በጣት ሲፈተግ ዱቄት ከሆነ የሚያያዝ አፈር ጎድሎታል። የገብስ ጭድ ለመጀመሪያው ምርጊት ይሆናል። ለልስን ግን ሻካራ ነው፤ እዚያ ላይ የጤፍን የሚተካ የለም።

የፊታችን ቅዳሜ ጥቂት ሰው ሆኖ እንጨቱ ይቆማል፣ ቆርቆሮው ይለብሳል። ሰፊው ደቦ በሳምንቱ ለምርጊት ነው። ታላቄ ከነጓደኞቹ፣ የአክስቴ ልጆች፣ የጎረቤት ጎልማሶች ሁሉ እሺ ብለዋል። ሦስት በአራት ለሆነ ክፍል፣ አንዱ ወገን አሮጌው ግድግዳ ነውና፣ የሚመረገው 10 ሜትር ያህል ርዝመት ነው። ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ እንጨቱ ቢቀነስ እንኳ ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ጭቃ ይበላል። ሁለት ሰው ጉድጓዱን ይረግጣል፣ አራት በባሬላ ያመላልሳል፣ ስድስት ይመርጋል። ብዙ ጊዜ ሥራ የሚቆመው በሰው እጥረት ሳይሆን በውኃ ነው፤ በርሜሎቹ ከዋዜማው መሞላት አለባቸው።

የሚመርጉት ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ከውጪ፣ አንዱ ከውስጥ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲወረውሩና ሲጫኑ ጭቃው በማገሩ መሐል ተገናኝቶ ይቆላለፋል። አንዱ ወገን ቀድሞ ተመርጎ ከደረቀ ሌላው አይያዝለትም፤ በመሐሉ ባዶ ይቀራል፣ ባዶው የአይጥ መንገድ ይሆናል። ይህን በደቦ ቀን ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ብርቱ ጎረምሳ ቶሎ ለመጨረስ አንዱን ወገን ይዞ ይነጉዳልና። ምርጊቱ ሲደርቅ ቢሰነጣጠቅ አያስደነግጥም። እንዲያውም ልስኑ የሚይዘው በስንጥቁ ነው። ሦስት አራት ሳምንት መታገሥ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንድ መልክ እስኪይዝ መጠበቅ፣ ከዚያ ውኃ እየረጩ በተነፋ አፈር፣ በደቃቅ ጭድና በእበት ስስ አድርጎ መለሰን። ሲሚንቶ ልስን የሚመክሩን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጭቃና እንጨት እርጥበት እየሳቡ እየለቀቁ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲሚንቶ አይከተላቸውም፤ ውኃውን ከኋላው አፍኖ ይይዝና በክረምት በሰፊው ይላጣል።

ከቀትር በኋላ ግን ሐሳቤን የያዘው ምርጊቱ አይደለም። አሮጌው ቤትና አዲሱ የሚገናኙበት መሥመር ነው። ሃያ ሰው ቢመጣ ለዚያ ጥግ የሚሆነው ሁለት ብቻ ነው። ከዚህ በላይ አይቆምበትም። ስለዚህ በየቤቱ የሚሠራው መጨረሻ ላይ፣ ሲመሽ፣ ሰው ደክሞት ጠላው ሲቀርብ ነው። ቅጥያ ቤት የሚያፈሰውም ዘወትር እዚያው ነው። መገጣጠሚያው ከደቦው በፊት ማለቅ አለበት፤ ይህን ለታላቄ አጥብቄ ነግሬዋለሁ።

መሬቱን ብቻ ብናይ፦ የአሮጌው ቤት ጠፈጠፍ ስንት ክረምት ሙሉ ሲወርድ የኖረው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ወጣ ብሎ ነው። አፈሩ እዚያ ጋ ላላ ያለ ነው። የማእዘን ቋሚዎቹ የሚተከሉት ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ሌላው ቋሚ 60 ሳንቲ ሜትር ቢበቃው እነዚህ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ መቆፈር አለባቸው፤ ግርጌው ድንጋይ ይነጠፍለታል፣ ዙሪያውም በድንጋይ ይጠቀጠቃል። ወለሉም ላይ ያ ላላ አፈር ወጥቶ በጠጠር ካልተተካ ሊሾው በዚያው መሥመር ይሰነጠቃል። ቋሚው ቀይ ባሕር ዛፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከነጩ ይልቅ ምስጥ ይቋቋማል። ቅርፊቱ ተልጦ፣ የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ፣ ከመሬት በላይም አንድ ስንዝር ያህል። እንጨት ቀድሞ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

አዲሱን ቋሚ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር በምስማር ማያያዝ የለብንም። አሮጌው ሰምጦ ጨርሷል፣ አዲሱ ገና ይሰምጣል። ተያይዘው ቢሰምጡ ምርጊቱን ይቀዳደዋል። ለየብቻ ቆመው በመሐላቸው የሚወጣውን ቀጥ ያለ ስንጥቅ በአሮጌው ወገን ብቻ በተመታ ቀጭን ጣውላ መሸፈን ይሻላል። በአሮጌው ግድግዳ ለሚከፈተው በርም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ግራና ቀኝ አዲስ መቃን ቆሞ ማገሩ በሁለቱም ፊት ይመታበታል፣ ከላይ አግዳሚው ይገባል፣ ማገሩ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተቆረጠ ግድግዳው ይናዳል።

ጣሪያው ግን እስካሁን አልተፈታም። የአሮጌው ቆርቆሮ ጠርዝ ከመሬት 2.50 ሜትር ላይ ነው። አዲሱ ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ 10 ዝቅ ብሎ ከ2.40 ቢጀምርና ለእያንዳንዱ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ከአሮጌው ጠርዝ ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ባለው የውጪው ግድግዳ ዘንድ 1.90 ይደርሳል። ቆርቆሮውን የሚሸከሙት እንጨቶች፣ ማገሩና ወራጁ፣ ሲቀነሱ ከውስጥ 1.80 ይቀራል። ታላቄ ቆሞ አይገባውም፤ ሙቀቱም ጭንቅላት ላይ ይቀመጣል። ቁልቁለቱን መቀነስ ይቻል ነበር፤ ግን ሁለቱ የቆርቆሮ ረድፎች በሚደራረቡበት ነፋስ ያለበት ዝናብ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወለሉን በአንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግም ሐሳብ ነበር። የእማን ጉልበት እያወቅኩ ሌሊት የምትወርደው ደረጃ ልሠራላት አልፈልግም፤ የጓሮው ጎርፍም ዝቅ ያለውን ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ የአሮጌውን ጣሪያ ታችኛ ረድፍ አንሥቶ አዲሱን ከላይኛው ረድፍ ሥር መጀመር ነው። ያኔ የውጪው ግድግዳ ከውስጥ 2 ሜትር ያህል ያገኛል፣ ጠፈጠፍ የሚባልም በመሐል አይኖርም። ነገር ግን ያ ቆርቆሮ ዝጓል፤ ምስማሩ ሲነቀል ቀዳዳው ይሰፋል፣ ላይኛው ረድፍም አብሮ ሊላላ ይችላል። አንዴ ከተከፈተ በዚያው ቀን መዘጋት አለበት፤ የጥቅምት ዝናብ ደግሞ አንዳንዴ ሳይታሰብ ይመጣል። ለየብቻ ጣሪያ ሠርቶ በመሐል አሸንዳ መዘርጋትን ታናሼ ደጋግማ ታነሣለች። ከባሕር ዛፉ የሚረግፈውን ቅጠል በየሳምንቱ ማን እንደሚጠርግ ግን መልስ የላትም፤ እኔም የለኝም። አሸንዳ በቅጠል ሲታፈን፣ በረዶ ሲሞላው፣ ውኃው ወደ ሁለቱም ቤት ነው የሚገባው።

ለአዲሱ ጣሪያ፣ ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለውና መደራረቡ ከየአንዱ 15 ያህል ከበላ፣ 4 ሜትሩ ከነክንፉ ሰባት ይፈልጋል፣ በሁለት ረድፍ አሥራ አራት። አሮጌው ረድፍ ከተነሣ ግን ሦስተኛ ረድፍ ይጨመራል፣ ሰባት ቆርቆሮ። ያን ያህል ገንዘብ ከልስኑና ከበሩ ላይ መቀነስ ነው።

ቋሚው ዓርብ ይቆረጣል። የውጪው ግድግዳ እንጨት በአጭሩ ይቆረጥ ወይስ በረጅሙ? በረጅሙ ቢቆረጥ በኋላ ማሳጠር ይቻላል። ወራጁ ግን የት ይጀምር?