ሳምቡሳ በኦቭን፣ ኩርሽም እስኪል

ሳምቡሳ በኦቭን ይሠራል። መሠራት ብቻ አይደለም፣ ብዙ እንግዳ ለተጠራበት ድግስ ከሆነ ከተጠበሰው ይልቅ የምመርጠው እሱን ነው። ደሴ ላይ ይህን ስናገር የሚከራከረኝ አላጣም። በረመዳን አመሻሽ ላይ ከመንገድ ዳር፣ ከፈላው ዘይት እንደወጣ ገዝቶ ምላሱን እየለበለበው የበላ ሰው ሌላ ሳምቡሳ አለ ቢሉት አይሰማም። እውነቱን ነው፣ ያ ሳምቡሳ ይጣፍጣል። ግን የሚጣፍጠው ትኩስ ሳለ፣ እዚያው ቆማችሁ ስትበሉት ነው። ድግስ ላይ ሳምቡሳው እንግዳ ይጠብቃል። ፎቶ ተነስቶ እስኪያልቅ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው እስኪጨርሱ፣ የዘገየው ሚኒባስ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቃል። ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ ይህን ሁሉ ከጠበቀ ይልፈሰፈሳል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የሚጠብሰው ሰው ድግሱን አያይም። በየድግሱ አንዲት አክስት ወይም አንዲት የጎረቤት ልጅ ጓሮ ከምድጃ ፊት ቁጭ ብላ ከጭስ ጋር ስትታገል ትውላለች። በኋላ ልብሷ ዘይት ዘይት እየሸተተ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሊነሳ ሲል ትገባለች። ይህ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። ኦቭን ከሆነ ትሪውን አስገብታችሁ፣ ዘግታችሁ፣ እንግዳ መቀበል ትችላላችሁ።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቃ ድግሱ እዚያው ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ነበር። ዋናው ምግብ እስኪቀርብ የሚቀማመሰው ነገር የኔ ድርሻ ሆነ። ሳላቅማማ የምስር ሳምቡሳ አልኩ።

ለምን ምስር? የወሎን ድግስ የሚያውቅ ይህን አይጠይቅም። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ለየብቻ ይቀርባል። ደጋሽ ሁለት ወጥ ቤት አቋቁሞ ሁለቱንም እኩል ለማሳመር የሚለፋው ልፋት የሚያኮራ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ለማብላት ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ባለበት በደሴ ያደገ ሰው ግብር ሲባል ማንም ቅር ሳይለው መብላት እንዳለበት ያውቃል። እናም ከሥጋው በፊት አንድ ትሪ ዞሮ፣ ሐጂም፣ ቄስም፣ የምትጾመውም የማትጾመውም ከዚያው ከአንዱ ትሪ ሲያነሱ ማየት ደስ ይለኛል። ምስር ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ሊጡ ውስጥ ቅቤ አይገባም፣ ላዩም እንቁላል አይቀባም። ኢንተርኔት ላይ ከምታዩት የኦቭን አሠራር ብዙው እንቁላል ቀቡት ይላል። አያስፈልግም። ዘይት ብቻውን ቀይ አድርጎ ያበስለዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ለ60 ገደማ ትንንሽ ሳምቡሳ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ድፍን ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ስድስት ቃሪያ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ቅመሙ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ትንሽ ድንብላል ነው። ኮረሪማ የሚጨምሩ አሉ፣ እኔ ለሥጋው ብተወው ይሻላል ባይ ነኝ።

የኦቭን ሳምቡሳ ሞቱም ሽረቱም ያለው ሙሊቱ ላይ ነው። ሲጠበስ እስከ 170 እና 180 ዲግሪ የጋለ ዘይት ሊጡን ከየአቅጣጫው ስለሚይዘው ሙሊቱ ትንሽ ቢረጥብም ሽፋኑ ቀድሞ ይደርቃል። ኦቭን ውስጥ ያለው ግን አየር ነው። አየር ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው። ሽፋኑ እስኪደርቅ ድረስ ሙሊቱ ውሃ ከያዘ እንፋሎቱ ከውስጥ ሊጡን ያረጥበዋል፣ ከዚያ ከላይ ቀላ ብሎ ከታች የረጠበ ነገር ታወጣላችሁ። ብዙ ሰው ሞክሮ "ኦቭን አያዋጣም" የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጥፋቱ የኦቭኑ ሳይሆን የሙሊቱ ነው።

ምስሩን ማታ ዘፍዝፉት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እኛ ጋ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ እንደ ባሕር ዳርቻው 100 እስኪደርስ አይጠብቅም። የኛ ምስርና ሽምብራ በስሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል በአንድ ጊዜ የተጣደ ምስር እዚያ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ፍሬውን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት። መሃሉ ለስልሶ ቅርፊቱ ሳይፈነዳ መውጣት አለበት። የፈነዳ ምስር ሊጥ ሊጥ ይላል፣ ውሃውንም አይለቅም። እንደበሰለ ወዲያው በወንፊት አጥልላችሁ ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ በራሱ ሙቀት እየተነነ ይድረቅ።

ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ፣ በጥቂት ዘይት ውሃው እስኪያልቅ አቁላሉት። የሚጠብሱ ሰዎች ሽንኩርቱን በጥሬው ይጨምራሉ፣ ለዘይቱ ጥሩ ነው፣ ለኦቭን ግን አይሆንም። ነጭ ሽንኩርቱንና ቅመሙን ጨምሩ፣ ከዚያ ምስሩን ገልብጣችሁ እንፋሎቱ እስኪቆም እያማሰላችሁ አቆዩት። ጨውም እዚህ ላይ ይገባል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ቃሪያውን በተኑበት፤ እሳት ሳይነካው ከገባ መዓዛው ይቀራል። መድረቁን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ጨመቅ አድርጉት። መዳፋችሁ ከረጠበ ይመለስ። ካልረጠበ ደርሷል። አሁን ደግሞ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ለብ ያለ ሙሊት እንኳን ሊጡን ያላላዋል።

ሊጡ ቀላል ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንጥር ስኳር፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ። ስኳሩ ለጣዕም ሳይሆን ሊጡ ቶሎ እንዲቀላ ነው። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም አይገባም። ጠንከር አድርጋችሁ አሹት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ካላረፈ ስትዳምጡት ይሰበሰባል።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ብዙዎቻችሁ ከእናቶቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግን ለኦቭን ከሆነ ግዴታ ነው። ሊጡን በትንንሹ ድቡልቡል አድርጋችሁ እያንዳንዱን የሻይ ሳህን ያህል ዳምጡ። ላዩን ዘይት ቀቡት፣ ዱቄት ነስንሱበት፣ ሌላውን ደርቡበት፣ እንደገና ዘይትና ዱቄት። ሦስት ወይም አራት ከደረባችሁ በኋላ አንድ ላይ አድርጋችሁ ዳምጧቸው፣ ምጣድ እስኪያክል ድረስ። የጋለ ደረቅ ምጣድ ላይ ጣሉት። ላዩ ነጣ ብሎ ጉብ ጉብ ማለት ሲጀምር ገልብጡት። እዚህ ላይ እጃችሁ ፈጣን ይሁን። ገና ትኩስ ሳለ ከጫፉ ይዛችሁ ስትስቡት ቂጣዎቹ እያንዳንዳቸው በእንፋሎት ተነፍተው ይላቀቃሉ። ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት የጣታችሁ ጥላ በወዲያ በኩል ካልታየ ወፍራም ነው። በደንብ የተሳሳ ቂጣ ግማሽ በስሎ፣ ግማሽ ውሃው ጠፍቶ ነው ኦቭን የሚገባው። ጥሬ ሊጥ ጠቅልሎ ኦቭን ውስጥ የሚከት ሰው የሚያገኘው ዳቦ ነው።

የተላቀቁትን በጨርቅ መሃል ደርድሩ፣ አየሩ ቶሎ ያደርቃቸዋል። ከደረቁ ሲታጠፉ ይሰነጠቃሉ። ግማሽ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ እንደ ሾጣጣ ቆብ ጠቅልሉ፣ አንድ ማንኪያ ሙሊት ጨምሩበት፣ አፉን ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ ለጥፉት። ሦስቱን ማዕዘን በጣታችሁ ጫን በሉ። ቀዳዳ ካለ ሙሊቱ ደርቆ ይበተናል። ይህን ሥራ ብቻችሁን አትሥሩት። ሦስት አራት ሆናችሁ ቡና አፍልታችሁ ከሆነ ከአቦል እስከ በረካ 60ው ያልቃል፣ ወሬውም አይቀርባችሁም።

ኦቭኑን አስቀድማችሁ 200 ዲግሪ አግሉት፣ ባዶውን ትሪም ውስጥ አስገብታችሁ። ትሪው ከጋለ ሳምቡሳው ሲያርፍበት ታቹ ወዲያው መድረቅ ይጀምራል። ዘይቱን በብሩሽ ከላይም ከታችም፣ እጥፋቱ መሃልም ሳይቀር ቀቡት። ያልተቀባ ቦታ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ አፍ ውስጥ ዱቄት ዱቄት ይላል። ለ60ው ሳምቡሳ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ያነሰ ዘይት ይበቃል። ለመጥበስ ቢሆን ድስቱ ውስጥ ሊትር ተኩል ሁለት ሊትር መገልበጥ ነበረባችሁ፤ ዘይት በዚህ ዋጋ፣ ይህም ቁምነገር ነው። አራርቃችሁ ደርድሩ፣ ከተነካኩ እርስ በርስ ይላባሉ። 12 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ገልብጧቸው፣ ከዚያ ሌላ 8 ወይም 10 ደቂቃ። ኦቭን እንደየቤቱ ነው፣ ዓይናችሁ ይፍረድ። ስታነሱትና በጥፍራችሁ ስትመቱት ደረቅ ድምፅ ከሰጠ በቅቶታል። ሲወጣ ሳህን ላይ አትከምሩት፣ ክዳንም አትድፉበት። የብረት መደርደሪያ ላይ ወይም ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ይተንፍስ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ። ሩቅ አይደለም፣ ለትኩስ ሳምቡሳ ግን ሩቅ ነው። ትኩሱን ባልዲ ውስጥ ከድናችሁ ይዛችሁ ብትወርዱ ከተማው ስትገቡ በላቡ ርሷል። ስለዚህ ደሴ ላይ ግማሽ ነው የጋገርኩት። 10 ደቂቃ፣ ሊጡ ደርቆ ገና ሳይቀላ አወጣሁት፣ ሙሉ በሙሉ ካቀዘቀዝኩ በኋላ ካርቶን ውስጥ በየደርቡ ወረቀት እያነጠፍኩ ደረደርኩት። ክዳኑን ክፍት ተውኩት። እህቴ ቤት ስደርስ እንደገና በስሱ ዘይት ቀብቼ እንግዳ መግባት ሲጀምር በየትሪው እያፈራረቅሁ ጨረስኩት። የመጨረሻው እንግዳም እንደ መጀመሪያው ኩርሽም የሚል ደረሰው። አክስቴ አንዱን አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ሰበረችውና "ልጄ፣ ይሄ በየት በኩል ነው ያልተጠበሰው?" አለች። ደስታዬን አልደብቅም።

ያው መብራት የሚባል ነገር አለ። ድግስ ቀን መጥፋት ይወዳል። ግማሽ መጋገሩ ለዚህም ይረዳል፣ ዋናው ሥራ ከትናንት አልቋልና። ከጠፋ ደግሞ ድፎ ዳቦ እንደምንጋግረው ነው፤ ምጣዱ ከታች ለስለስ ያለ ከሰል፣ ከላይ የብረት ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ፍም። ጥቂት ጥቂት እየደረደራችሁ፣ ቶሎ ቶሎ እያያችሁ። የላይኛው ፍም ከታችኛው በርከት ይበል፣ አለበለዚያ ታቹ ያራል።

ለማጥቀሻ አዋዜ በሎሚ ቀጠን አድርጋችሁ በትንንሽ ሲኒ አቅርቡ። ሳምቡሳው ላይ አታፍስሱት።

በሥጋ መሥራት የሚፈልግ ሥጋውን እንደ ምስሩ ውሃው ጠፍቶ ዘይቱ እስኪወጣ ያቁላላው፣ ትሪውንም ለየብቻ ያድርግ፣ ማን እንዳረደውም ለእንግዳው ይንገር። ድንች ግን ለኦቭን አልመክርም። ውሃ ይይዛል፣ የቱንም ያህል ብታደርቁት መልሶ ሽፋኑን ያላላዋል።

ከተረፈ ማግስቱን ለቡና ቁርስ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ውስጥ አትክተቱት፣ ያልፈሰፍሰዋል እንጂ አያደርቀውም። 180 ዲግሪ ላይ አምስት ስድስት ደቂቃ፣ ካልሆነም ደረቅ ምጣድ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት።